የአያቴን የብረት ካዝና ታሪክ ከየት ልጀምር?

ዘደብረ ማርቆስ፦

የተከበራችሁ የጥንት ዕቃ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ ከተማ በቅቤና በቡና ንግድ የኖሩት አያቴ ትተውት ያለፉት የብረት ካዝና ባለፈው ጥቅምት ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ቤቴ ተዛውሯል። ቁመቱ 66፣ ወርዱና ጥልቀቱ 48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ስናወጣው 260 ኪሎ መዘነ። በሩ ላይ ያለው የናስ ሰሌዳ «ሚልነር፣ ሊቨርፑል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ ከሥሩም ካዝናው እሳትን እንደሚቋቋም የሚናገር አንድ መስመርና በመፋቅ ብዛት የደበዘዘ ቁጥር ይታያል። አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ በተላጠበት በኩል ግን ሌላ ጥቁር ቀለም ብቅ ይላል።

በቤተሰባችን የሚነገረው ካዝናው ዳንግላ ከነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ የተገኘ መሆኑ ነው። ይህን ቃል የሚደግፍ ወረቀት አላገኘሁም። ቁልፉም ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አጎቶቼ በብየዳ ቤት አስቆርጠን እንየው እያሉ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የካዝናውን ዕድሜና የመጣበትን መንገድ እንዴት ማጣራት እንደምችል ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ካዝና ሰብሳቢ ዘባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ አስቀድመው አጎቶችዎን ያስታግሱልን። የእርስዎ ካዝና የወጣበት ቤት በዘርፉ ከቀደሙት አንዱ ነው። ቶማስ ሚልነር ሊቨርፑል ላይ ሥራውን ካቋቋመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1840 እሳትን ለሚቋቋም ካዝና የፈጠራ መብት አገኘ። ዘዴውም እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነው፤ በውጪውና በውስጡ ብረት መካከል ባለው ክፍተት አሉም የሚባለውን ጨው ከእንጨት ብናኝና ከመሰል ነገሮች ጋር እየቀላቀሉ ይሞሉታል። አሉም ከክብደቱ 45 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ስለሆነ፣ ቤቱ ሲቃጠል ውሃው እየተለቀቀና እየተነነ የካዝናውን ሆድ ያቀዘቅዘዋል፤ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ድረስም ወረቀቱ አይከስልም። የካዝናው ክብደትም ከብረቱ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሙሌት ጭምር የሚመጣ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ እለምናለሁ። ሰሌዳው ላይ ዓመት ቢያገኙ የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ዘመን ሊሆን ይችላልና፣ ካዝናው ከዚያ ዓመት በፊት አልተሠራም ከማለት ያለፈ አይነግርዎትም። ይህን ለማስረዳት ከማርትሬዛ ብር የተሻለ ምሳሌ የለኝም፤ አያቶቻችን የተገበያዩበት ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት ይዟል፤ ብዙው ግን ከዚያ ዓመት እጅግ ዘግይቶ የተመታ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ይልቅ አካሉን ይመርምሩ። የግድግዳው ብረቶች ማዕዘን ላይ በችንካር ተያይዘዋል ወይስ አንድ ሉህ ታጥፎ ነው የተሠራው? በጥቅሉ የታጠፈው የኋለኛው ዘመን ሥራ ነው። ሰሌዳው የኩባንያውን ስም እንዴት እንደጻፈው፣ የየትኞቹንም ከተሞች ስም እንደዘረዘረ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ ሚልነር ኋላ ላይ ቻትዉድ ከሚባለው ካዝና ሠሪ ጋር ስለተቀላቀለ፣ ሁለቱ ስሞች በአንድነት ከተጻፉ ካዝናው የቅርብ ጊዜ ነው ማለት ነው። አረንጓዴውንም ቀለም በአሸዋ ወረቀት እንዳይነኩት፤ ሥሩ ያለው ጥቁር ቀለም የፋብሪካው ከሆነ፣ የወርቅ ቅብ መስመርና ጽሑፍ ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል።

የቁልፍ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እኔ ስለ መክፈቱ ልናገር። ከዓመታት በፊት ገና ወጣት ሳለሁ አንድ ደንበኛ አዝዞኝ አሮጌ ካዝና በኦክስጅን ጋዝ ቆርጬ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ሆኖም ውስጥ የነበረው የርስት ወረቀት ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ቅጠል ተሰባበረ፤ የዚያን ሰው ፊት እስከ አሁን አልረሳሁትም። የብረት መቁረጫው ዲስክም ቢሆን ከጋዙ የተሻለ አይደለም፤ ከብረቱ መካከል የሚወጣው ብናኝ አንዳንድ ካዝናዎች ላይ አስቤስቶስ የሚባለው እሳት የማይበግረው ማዕድን ያለበት ስለሆነ ሳንባን ይጎዳል፤ ሳይታወቅ መቁረጥ ለሠራተኛውም ለቤተሰቡም አደጋ ነው።

ከገበያ የተለቀመ ቁልፍም እየሰበሰባችሁ አትሞክሩ። በእንግሊዝ መቆለፊያ ውስጥ የናስ ምላሶች ተደራርበው ይቆማሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ እያንዳንዱን ምላስ በልኩ ያነሳዋል፣ ከልኩ ያለፈም ያነሰም አይከፍትም። ጄረማያ ቸብ እ.ኤ.አ. በ1818 ያወጣው መቆለፊያ ደግሞ አንዱ ምላስ ከልክ በላይ ከተነሳ ራሱን ቆልፎ ይነክሳል፤ ባለቤቱም ሲመለስ በሌላ ቁልፍ መሞከሩን ያውቃል። ይህ ዓይነት መቆለፊያ በተለያዩ ሠሪዎች እጅ ስለገባ፣ የእናንተም እንዲህ ያለ ቢሆን በግምት የሚደረገው ሙከራ ነገሩን ያባብሰዋል። ይሁን እንጂ ሳይሰበር ሊከፈት እንደሚችል ተስፋ አትቁረጡ፤ ሆብስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ያንኑ የቸብን መቆለፊያ በ25 ደቂቃ ከፍቶታል። ጥሩ ባለሙያ በቁልፉ ቀዳዳ በኩል የምላሶቹን ልክ አንብቦ አዲስ ቁልፍ ሊቀርጽ ይችላል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል። እስከዚያው ቀዳዳው ውስጥ ወፍራም ዘይት አታፍስሱበት፤ አቧራ ይዞ ይረጋል።

የታሪክ መምህር ዘጎጃም፦

ስለ ዳንግላው ነገር ልጨምር። ቆንስላው በእርግጥ የነበረ ነው፤ የጣናንና የዓባይን ካርታ ያነሣው ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ቆንስል ነበር። ይሁን እንጂ ካዝናው እንግሊዝ አገር ተሠራ ማለት ከእንግሊዞች ቤት ወጣ ማለት አይደለም። ሊቨርፑል የተሠራ ዕቃ በጅቡቲ ነጋዴዎች እጅ ሊገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር ሊጫን፣ ወይም በሱዳን በኩል በመተማ ሊገባ ይችላል። በ1933 ዓ.ም. የጃንሆይ ጦርና የእንግሊዝ መኮንኖች በሱዳን ወሰን ካለችው ከኦሜድላ ተነሥተው በቡሬ በኩል መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲደርሱም ብዙ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል።

ክብደቱን ያስቡት። 260 ኪሎ አንድ አጋሰስ የሚሸከመው አይደለም፤ ተከፋፍሎ የሚጫን ዕቃም አይደለም። በዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ለማለፍ በወሳንሳ ብዙ ሰው እየተፈራረቀ መሸከም ነበረበት፤ እንዲህ ሆኖ ከመጣ አገር ያየው ጉዳይ ነውና አንድ ሽማግሌ ወሬውን ሳይሰማ አይቀርም። በመኪና ከመጣ ግን ከጣሊያን ዘመን መንገድ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠይቅዎ ሌላ ነው፦ አያትዎ ከካዝናው በፊት ገንዘባቸውን የት ያኖሩ ነበር? አንድ ሺህ ማርትሬዛ 28 ኪሎ ይመዝናል። ብር ደግሞ እሳት አያጠፋውም፤ ማሰሮ ውስጥ ተቀብሮ የሣር ክዳን ቤት በላዩ ቢቃጠል በማግስቱ ተቆፍሮ ይወጣል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣና ወረቀቱ ገበያውን እየያዘ ሲሄድ ግን የነጋዴው ሥጋት ተለወጠ፤ ወረቀት በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል፣ በቤት ውስጥ ይቃጠላል። እሳት የሚቋቋም ካዝና ለቡሬ ነጋዴ ትርጉም የሚኖረው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ወዲህ ነው። ካዝናው የተሠራበት ዘመንና አያትዎ የገዙበት ዘመን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ይያዙልኝ። ዘመድ አዝማድን ሲጠይቁም «ከቆንስላው ነው ወይ?» ብለው አይጀምሩ፤ «ሲገባ ምን አዩ?» ብለው ይጠይቁ።

ዘደብረ ማርቆስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህሩ እንዳዘዙኝ ቡሬ ወርጄ የአባቴን ታላቅ እኅት ጠየቅኋቸው። ልጅ ሳሉ ካዝናው በጭነት መኪና መምጣቱን፣ ወንዶቹም የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ እያነጠፉ እስከ ጓዳ ማንከባለላቸውን ያስታውሳሉ። መኪናው በዳንግላ በኩል መምጣቱን ሰምተዋል፤ ቆንስላ የሚለውን ቃል ግን ከእኔ አፍ ነው የሰሙት። አያቴ ከዚያ በፊት ከመደብ ሥር የተቀበረ ማሰሮ ነበራቸው፤ ካዝናው ሲገባ ጉድጓዱ ሲደፈን አክስቴ አይተዋል።

ማዕዘኖቹ ታጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ ችንካር ያየሁት ከጀርባው ብቻ ነው። አጎቶቼም የፍኖተ ሰላሙን ባለሙያ ቃል ሳነብላቸው ዝም አሉ፤ ትልቁ አጎቴ ውስጡ የእናታቸው የውርስ ወረቀት ሊኖር እንደሚችል ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ባለሙያው ከጥምቀት በኋላ ቢመጡልን መጓጓዣውን እኛ እንችላለን። ሰሌዳውን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠርጌ በወረቀትና በእርሳስ ቀድቼዋለሁ፤ ከቁጥሩ ሦስተኛው አኃዝ 3 ይሁን 8 ግን ልለየው አልቻልኩምና፣ ባሕር ዳር ያሉት ሰብሳቢ ቅጂውን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።