ክሪዮል የሚለው ቃል ፍቺና የክሪዮሎች የቤተሰብ ስም

ጥያቄ፦ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተመረጡ ወዲህ የክሪዮል ትውልድ እንዳላቸው ሲነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ክሪዮል የነገድ ስም ነው? ፕሬቮስት የሚለው የቤተሰብ ስማቸውስ ከዚያ የመጣ ነውን?

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው። ፕሬቮስት ፈረንሳይኛ ቢመስልም በአባታቸው በኩል የመጣ ስለሆነ ከክሪዮልነታቸው ጋር አይገናኝም። የክሪዮል ወገናቸው በእናታቸው በኩል ነው። የእናታቸው አባት ጆሴፍ ማርቲኔዝ፣ ስማቸው እንደሚያመለክተው ስፓኒሽ የሚመስሉ የኒው ኦርሊንስ ሲጋራ ሠሪ ነበሩ፤ በ1900 የሕዝብ ቆጠራ ግን ጥቁር ተብለው፣ የትውልድ ስፍራቸውም ሄይቲ ተብሎ ተመዝግቧል። ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ከሄደ በኋላ በተደረገው የ1920 ቆጠራ ደግሞ ያው የማርቲኔዝ ቤት ነጭ ተብሎ ተጽፏል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ክሪዮል የነገድ ስም አይደለም። ቃሉ የተገኘው ማሳደግ የሚል ፍቺ ካለው የስፓኒሽና የፖርቱጋልኛ ግስ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ክሪዮል ይባል የነበረው ወላጆቹ ከባሕር ማዶ መጥተው እርሱ እዚያው የተወለደ ሰው ሲሆን፣ የፈረንሳዊ ባለርስት ልጅም ሆነ ከሴኔጋል በግዞት የመጣች ባሪያ ልጅ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። «የአገር ተወላጅ» ብሎ መተርጎም ነባሩን ሕዝብ ስለሚያስመስል አይመቸኝም፤ «እዚያው የተወለደ» ይሻላል። በሞሪሸስና በሴራሊዮን ቃሉ ሌላ ሌላ መልክ ስላለው፣ እኔ ኒው ኦርሊንስ በምትገኝበት በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ብቻ እወሰናለሁ።

እኛ በአባታችን ስም ስለምንጠራና ይህም በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የዘር ሐረግን ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ይመስለናል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በሉዊዚያና ግን የመልአኩን ሥራ ብዙ ጊዜ የሠራው በፈረንሳይኛ የሚጽፍ የውል ጸሐፊ ወይም ቄስ ነበር። ከ1720ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከኒው ኦርሊንስ በላይ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከሰፈሩት ጀርመኖች መካከል ሁበር የነበረው ኡብሬ ሆነ፤ ትስቫይግ ደግሞ በጀርመንኛ ቅርንጫፍ ማለት ስለሆነ ጭራሽ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ላብራንሽ ተባለ። ከስፔኗ ማላጋ መጥተው በ1779 ኒው አይቤሪያን ከመሠረቱት ውስጥም ቪላቶሮ የተባሉት ዛሬ ቪያቶር ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሃይዴል የሚለው ስም ነው። ይህ ዛሬ ዊትኒ በሚባለው እርሻ ባሪያ ያሳድር የነበረ፣ ከጀርመን የመጣ ቤተሰብ ስም ነው። በዚያው እርሻ አና ከምትባል ባሪያ የተወለደው ቪክቶር፣ አባቱ ከባለቤቶቹ ቤተሰብ ስለነበር ሃይዴል ተብሎ ቀረ። ከእርሱ ዘር የተወለዱት ሲቢል ሃይዴል የኒው ኦርሊንስ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የኧርነስት ሞሪያል ባለቤት ነበሩ። ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው እነዚህን የተከበሩ ጥቁር ክሪዮሎች ከየት ወገን ሊመድባቸው ኖሯል?

ሌላ አባል፦ ስለ ጸሐፊዎቹ ለተባለው አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቢዮንሴ የዘፋኟ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት ወላጆቻቸው ከሉዊዚያና የመጡት የእናቷ የቲና የቤተሰብ ስም ነበር። ቲና ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የእርሳቸውና የእኅት ወንድሞቻቸው የልደት ወረቀት ስሙን በተለያየ ፊደል ነው የጻፈው። እናታቸው ይታረምልኝ ብለው ሲጠይቁ፣ ለጥቁር ልጅ የልደት ወረቀት መሰጠቱ በራሱ ሊያስደስትዎ ይገባል የሚል መልስ ነበር ያገኙት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እንግዲያው አፍሪካዊው ስም የት ገባ?

መልስ፦ አንዳንዴ ከእናት ጋር ቀርቷል። በ1742 በናኪቲሽ በባርነት የተወለደችው ማሪ ቴሬዝ ኩዋንኩዋን ትባል ነበር፤ ይህን ሁለተኛ ስሟን በምዕራብ አፍሪካ የሚኖረው የኤዌ ሕዝብ ለሁለተኛ ሴት ልጅ ከሚያወጣው ስም ጋር የሚያያይዙት ምሁራን አሉ። ክሎድ ቶማ ፒዬር ሜቶየር ከተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ አሥር ልጆች ወልዳ፣ በ1778 ነጻ ወጥታ፣ በኬን ወንዝ አጠገብ መሬት ይዛ ትምባሆ አልምታለች፤ ኋላም እርሷ ራሷ ባሪያዎች ነበሯት። ልጆቿ የወረሱት ግን ሜቶየር የሚለውን ስም ነው፤ የአካባቢው ክሪዮሎች እስከ ዛሬም ይጠሩበታል።

የነገድን ምንጭ የሚፈልግ ሰው ከቤተሰብ ስም ይልቅ የሽያጭና የውርስ ወረቀቶችን ቢመለከት ይሻለዋል። ፈረንሳይና ስፔን ሉዊዚያናን በየተራ በገዙበት ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ከባሪያው ስም ቀጥለው ባምባራ፣ ወሎፍ፣ ሚና ወይም ኮንጎ እያሉ የመጣበትን አፍሪካዊ ወገን ይጽፉ ነበር። የታሪክ ምሁሯ ግዌንዶሊን ሚድሎ ሆል ከ1719 እስከ 1820 ከተጻፉት ሰነዶች ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግበዋል። በእነዚሁ ወረቀቶች ላይ እዚያው የተወለደ ልጅ እናቱ ባምባራ ብትሆንም ክሪዮል ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ፍለጋው በልጁ ስም ሳይሆን በእናቱ መቀጠል አለበት።