የአባቴ የጉበት ካንሰር ተመለሰ፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ አባቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ደህና ሆነው ነበር። አሁን ሲቲ ስካኑ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ እጢ ታየ። ሄፓታይተስ ቢም አለባቸው። እሳቸው "በቃኝ" ይላሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ድጋሚ መታከም ይቻላል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ይመለሳል። እጢው አንድ ብቻና ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ በቆዳ በኩል መርፌ አስገብቶ በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። ቀሪው ጉበት ጥሩ ከሆነ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም አለ። ስለ ንቅለ ተከላም ጠይቂ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል።

መልስ፦ የሄፓታይተሱን መድኃኒት በፍጹም እንዳያቋርጡ! እጢው ቢበዛ እንኳ ወደ እጢው የሚሄደውን ደም ስር በመድኃኒት መድፈን አለ። ከጉበት ውጭ ከተሰራጨ ደግሞ እንደ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ ያሉ መድኃኒቶች አብረው ይሰጣሉ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ማቃጠሉ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ "ሆዴን ሳይከፍቱ ከሆነ እሺ" አሉኝ።