ከ60 በኋላ የፊት ክሬም መግዛት ያዋጣል ወይ? የኔ ጥቆማ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገችና ለቀቀችው። «እንግዲህ ለኔ ክሬም ምን ይሠራልኛል፣ ጊዜው አልፏል» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ «ወይስ የሚረዳ ነገር አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

አንጀቴን በላችው። በዚህ ዕድሜ ስለ መልክ ማሰብ እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። እኔ ግን ሰው በስንትም ዓመቱ ፊቱን ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል ባይ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለእሷም ለራሴም ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ይኸው ያነጻጸርኩትን ላካፍላችሁ።

ባጭሩ ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ጥቂቱ ነው። ቅደም ተከተሉም ከወጣት ሰው ይለያል።

መጀመሪያ «ጊዜው አልፏል» የሚለውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ጥናት አለ። የተሳተፉት 36 አረጋውያን ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነበር። በአንደኛው ክንዳቸው የውስጥ ገጽ ላይ 0.4 በመቶ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያለው ሎሽን ተቀቡ። በሌላኛው ክንድ ሬቲኖል የሌለበት ያው ሎሽን። በሳምንት እስከ 3 ጊዜ፣ ለ24 ሳምንት። ሬቲኖል የተቀባው ክንድ ላይ ደቃቅ ሽብሽቦቹ ቀነሱ፣ ቆዳውም ኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን) በደንብ ማምረት ጀመረ። የ87 ዓመት ቆዳ ገና የሚሠራ ከሆነ የ74ቱ እንዴት አይሠራም? ለእናቴም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ሆኖም የመጀመሪያውን ገንዘብ ለሬቲኖል አታውጡት። ለተራ ማለስለሻ ሎሽን አውጡት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ የራሱን ቅባት ማመንጨት ይቀንሳል። ውሃ ቶሎ ያመልጠዋል። የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ጋር የሚያያዘው እንደ ጥርስ እየተጋጠመ ነው፤ ያ መጋጠሚያ ከጊዜ ጋር ጠፍጣፋ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ አረጋውያን ማታ ማታ ቅልጥማቸውን ሲያኩ የሚያድሩት። የጠረጴዛ ጠርዝ ነክቷቸው ቆዳቸው የሚገሸለጠውም ለዚህ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በአረጋውያን መኖሪያዎች የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ጥሩ ነገር አሳይቷል። እጅና እግራቸውን በቀን 2 ጊዜ ማለስለሻ በሚቀቡት ዘንድ የቆዳ መገሸለጥ ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሷል። በዚያ ዕድሜ አንድ ቁስል ለመዳን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያስታመመ ያውቃል። ይህን ያህል የሚጠቅም «ፀረ እርጅና» ክሬም እስካሁን አላገኘሁም።

የትኛው ይሻላል? ለሰውነት ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ (የቆዳ ስብ ዓይነት) ያለው፣ ሽታ ያልተጨመረበት። ለቅልጥምና ለተረከዝ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም በጣም ጎበዝ ነው፤ የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል። ተራው ቫዝሊን ደግሞ ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በማገድ የሚስተካከለው የለም። ፊት ላይ ይከብዳል እንጂ ለእጅና ለእግር ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። ስትገዙ ዕቃውንም እዩት። ጣቱን የሚያመው ሰው የሚጠመዘዝ ክዳን መክፈት ይቸግረዋል፤ ፓምፕ ያለው ይመረጣል። የሚቀባውም ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ነው። እባካችሁ መርገጫ እግር ሥር ተቀብታችሁ ወዲያው አትነሱ፣ ያንሸራትታል። ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላም እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ከሻማና ከሲጋራ ይራቅ።

ሽታ የሌለው ያልኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ ለእናቴ የገዛሁት በጣም የሚያውድ ውድ ክሬም ነበር። በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ አብጦ ቀይ ሆኖ ተነሳች። ሻጩ «መጀመሪያ እንዲህ ነው፣ ይለመዳል» አለኝ። አይለመድም። የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ነገር ይታጠባል፣ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ክንዷ ላይ ለአንድ ሳምንት ይሞከራል።

ስለ ሳሙናም አንድ ነገር። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወደ 5 ገደማ ነው፤ የተለመደው ሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል። ደረቅ ቆዳን በየቀኑ በእሱ መፈተግ ከላይ የተቀባውን ልፋት ማፍረስ ነው። ሳሙና ለብብት፣ ለእግርና ለሚቆሽሽ ቦታ ይብቃ። ውሃውም ለብ ያለ ይሁን።

ሁለተኛው ግዢ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው። «የደረሰው ጉዳት ደርሷል፣ አሁን ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አሉ። ፀሐይ ግን ዛሬም ሥራዋን አላቆመችም። በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ አለ። 28 ዓመት ሲነዳ በመስኮቱ በኩል የሚመታው የፊቱ ግማሽ ከሌላው በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስላል። አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው ጨረር በመስታወት ያልፋል። በአውስትራሊያ ከ900 በላይ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለ ጥናትም አለ። ሰንስክሪን በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት እንደፈለጉ ከሚቀቡት 24 በመቶ ያነሰ የቆዳ እርጅና ታይቶባቸዋል። እነዚያ ከ55 ዓመት በታች ነበሩ፤ ለ70 ዓመት ሰው ልኩ ያው ነው አልልም። ግን የሚያበላሸው ጨረር ያው ነው። ሬቲኖል የገነባውን ቀን ላይ ፀሐይ እንዳታፈርሰው ለማድረግም ዋናው መንገድ ይህ ነው።

«እኛ ጥቁር ነን፣ አያስፈልገንም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ የፀሐይ ቃጠሎን ይቋቋማል፣ ሽብሽቡም ዘግይቶ ይመጣል። በእኛ ቆዳ ላይ ዕድሜ ቀድሞ የሚታየው በጠቆረ ነጠብጣብ፣ በማድያትና በመልክ መዥጎርጎር ነው። ይህን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። ስለዚህ በምርጫ ላይ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን፣ ቀለም የተቀላቀለበትን ሰንስክሪን አስቀድማለሁ። ፊትን አመድ የሚያስመስለው ነጩ የማዕድን ዓይነት ብዙ ሰው አንድ ቀን ቀብቶ የሚጥለው ነው። ቁጥሩ ላይ አትጨነቁ። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅም መለኪያው) 30 የሆነው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ያግዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ያስፈልጋል። የእጅን ጀርባ አትርሱ። ለክሬም ትዕግሥት የሌለው አባት ካለ ሰፊ ባርኔጣ ይግዙለት፤ ሙሉ ምትክ ባይሆንም ብዙ ይከላከላል።

አሁን ወደ ሬቲኖል። ከዚህ ወገን ብዙ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን ነው። በአሜሪካ በ1971 ለብጉር የተፈቀደ መድኃኒት ነበር፤ በ1995 ለደቃቅ የፊት ሽብሽብ ተፈቀደ። ጠንካራ ነው፣ የሐኪም ትዕዛዝም ይፈልጋል። ሬቲኖል ያለ ትዕዛዝ የሚገኘው ደካማ ዘመዱ ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት ደረጃ ተለውጦ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሬቲናል መካከል ላይ ያለ ነው፣ አንድ ደረጃ ይቀረዋል። ለወጣት ቆዳ ትሬቲኖይንን እመርጥ ነበር። ለሳሳና ለደረቀ ቆዳ ግን በሬቲኖል መጀመር ይሻላል። በእኛ ቆዳ ላይ መቆጣት ራሱ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል፤ መቸኮል ያስከፍላል።

አቀባቡ ቀላል ነው። ማታ ፊት ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ቀጭን ማለስለሻ፣ ከዚያ አተር የምታክል ሬቲኖል ለመላው ፊት፣ ከላይ እንደገና ማለስለሻ። በሳምንት 2 ቀን ይጀመራል። የዓይን ቆብና የከንፈር ጥግ አይነካም። ውጤቱን ከ3 እስከ 6 ወር ጠብቁ። ብርሃንና አየር ስለሚያበላሹት በማያሳይ ቱቦ ያለውን ግዙ፤ አፉ ሰፊ የሆነ ብልቃጥ ይቅርባችሁ።

ሬቲኖል አልስማማ ያለው ሰው ኒያሲናሚድን (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ይሞክር። ለስለስ ያለ ነው፣ ለመዥጎርጎርም ይረዳል። ቫይታሚን ሲ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላሻል። ሲረሙ (ቀጭኑ ፈሳሽ) ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። ለእናቴ አልገዛሁላትም።

የኮላጅን ክሬም አትግዙ። ቆዳን ሰርስረው የሚያልፉ ነገሮች ክብደታቸው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ነው ይባላል፤ የኮላጅን ሞለኪውል 300,000 ያህል ነው። ላይ ላዩን ያለሰልሳል፣ ያ ደግሞ የማንኛውም ሎሽን ሥራ ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድም ቆዳን ለሰዓታት ሞላ ያደርጋል፣ ደስ ይላል፣ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ለድግስ ቀን ጥሩ ነው።

ውድ ማለት የተሻለ ማለት ነው ወይ? ዕቃዎችን እየፈተነ የሚያወዳድረው የአሜሪካው ኮንስዩመር ሪፖርትስ ከዓመታት በፊት የሽብሽብ ክሬሞችን አወዳድሮ ነበር። በዋጋና በውጤት መካከል ዝምድና አላገኘም፤ ምርጥ የተባሉትም የሽብሽብን ጥልቀት የቀነሱት ከ10 በመቶ በታች ነው። በ2009 ደግሞ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በ60 ሰዎች ላይ የተፈተነ ናምበር ሰቨን የሚባል የእንግሊዝ ምርት ሲረም አለ፤ ውድ የማይባል የመደርደሪያ ዕቃ ነው። ከ6 ወር በኋላ ከተቀቡት 43 በመቶው ለውጥ ታየባቸው። ንቁ ነገሩ የሌለበትን ተራ ክሬም ከተቀቡትም ግን 22 በመቶው ተሻሽለዋል። ይህን ቁጥር ደጋግሜ አስባለሁ። ከግማሹ በላይ ሰው ግማሽ ዓመት ሙሉ ቀብቶ ምንም አላየም። ካዩትም ግማሽ ያህሉ ለውጥ የመጣው ከመቀባቱ፣ ከማለስለሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። እናቴ ጉንጯን ስባ ያየችውን የሚመልስ ክሬም የለም። የሚወርደው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ስብና አጥንትም ይሳሳል። ያንን የሚያነሳው ቀዶ ሕክምና ነው። «ፊትን ያነሳል» ብሎ የሚሸጥ ክሬም ካያችሁ እለፉት።

ክሊኒክ ለሚያስቡ ባጭሩ። ቦቶክስ ጡንቻን ያዝናናል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል፤ በግንባርና በቅንድብ መካከል ላለው እጥፋት ይሠራል፣ ለወረደ ጉንጭ አይሆንም። ፊለር (ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ መሙያ) በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ለባለሙያው ሳትናገሩ መርፌ አትወጉ። ሌዘር ጥቁር ቆዳ ላይ ባልለመደ እጅ ከተሠራ ጠባሳና ጥቁረት ይተዋል። «የኔን ዓይነት ቆዳ ስንት ጊዜ ሠርተሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሁሉ የምለምናችሁ ግን ይህንን ነው። ቶሎ የሚያጠራ፣ በሳምንት ፊት የሚያበራ ክሬም ለአረጋውያን አትስጡ። ብዙዎቹ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ቀድሞውንም የሳሳ ቆዳ ደግሞ የሚከፍለው የለውም። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት ክሬም ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

ክሬም የሚቀባ ሰው ቆዳውን ስለሚያይ ሌላም ጥቅም አለ። አዲስ የወጣ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ የሚደማ ወይም የማይድን ነገር ካያችሁ አትቀቡት፤ የቆዳ ሐኪም ይየው። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው መርገጫ እግር ላይ፣ መዳፍ ላይና ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌን በ36 ዓመቱ የወሰደው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የተነሳ ሜላኖማ ነው። እናቴ እግሯን ጎንበስ ብላ ማየት ስለማትችል በየወሩ እኔ አያለሁ።

አሁን መደርደሪያዋ ላይ ያሉት አራት ናቸው፤ ባለፓምፕ ሎሽን፣ ለቅልጥሟ የዩሪያ ክሬም፣ ቀለም ያለው ሰንስክሪን እና ትንሽ የሬቲኖል ቱቦ። ሰባት ወር ሆኗታል። ጉንጯ እንዳለ ነው። የዓይኖቿ ዳር ደቃቅ ሽብሽቦች ትንሽ ሳስተዋል፣ ጉንጯ ላይ የነበረው ጥቁር ነጠብጣብ ደብዝዟል። የቅልጥሟ ማሳከክ በሦስተኛው ሳምንት ቆመ፣ ሌሊቱን ትተኛለች። ባለፈው እሑድ ደውላ «ፓምፑ አየር ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ስትመጪ ያንኑ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።