እማዬን ኢስታንቡል ልወስዳት ነው፤ መቼ ብንሄድ ይሻላል? ቲኬቱስ መቼ ይረክሳል?

የጥዋት ፀሐይ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬን ኢስታንቡል ልወስዳት አስቤያለሁ። ስለ ቁስጥንጥንያ፣ ማለትም ስለ ድሮዋ ኢስታንቡል፣ እየሰማች ነው ያደገችው። ዮሐንስ አፈወርቅ የሰበከበትን ከተማ በዓይኗ እንድታይ በጣም እፈልጋለሁ። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። ወሬዋና ሳቋ እንደ ድሮው ነው፣ ጉልበቷን ግን ያማታል። ደረጃ የምትወጣው ቀስ ብላ፣ መሀል ላይ እያረፈች ነው።

በኔ በኩል የወር ችግር የለም። ቀደም ብዬ ካሳወቅኩ ፈቃድ አገኛለሁ። ስለዚህ ቀኑን ዋጋው ይወስንልኝ ብዬ ቲኬት ማየት ጀመርኩ። ያየሁት ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ለአንድ ሰው ስፈልግ አንድ ዋጋ ይመጣል። ለሁለት ሰው ስል የነፍስ ወከፉ ይጨምራል። ጠዋት ያየሁት ዋጋ ማታ ውሃ በልቶታል። አንዷ ጓደኛዬ ማክሰኞ ሌሊት ግዢ ትለኛለች። ሌላዋ ኮምፒውተሩ እንዳያውቅሽ የፍለጋ ታሪክሽን አጥፊ ትላለች። ካየሁት ሁሉ የረከሰው ፌብሩዋሪ ላይ ነው።

አሁን ፌብሩዋሪን ልቁረጠው ወይስ ልታገስ? የምታውቁ እስቲ አማክሩኝ።

ባሕረኛው

ፌብሩዋሪን ቁረጪ ነው የምልሽ። እኔ በዛ ወቅት ሄጄ በጣም ተደስቻለሁ። ሆቴሉ ይረክሳል፣ ሙዚየሞቹ ደጅ ያ ሁሉ ሰልፍ የለም። ይበርዳል፣ እውነት ነው። ወፍራም ካፖርትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይዘሽ ከሄድሽ ግን ምንም አትሆኚም። ኦገስት ላይ ብቻ እንዳትሄዱ። ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተደምሮ ቀትር ላይ መንቀሳቀስ አያስችልም።

ቲኬት ቆራጯ

እህቴ፣ እኔ እንጀራዬ ቲኬት መቁረጥ ነው። ጥያቄሽ ልቤን ስለነካኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የሁለት ሰውን ነገር። ኢኮኖሚ ክፍል ለተሳፋሪ አንድ ክፍል ነው። ለሻጭ ግን አንድ አይደለም። ወንበሮቹ በላቲን ፊደላት በተሰየሙ የዋጋ እርከኖች ተከፋፍለው ነው የሚሸጡት። ለርካሹ እርከን የሚመደቡት ጥቂት ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ሽያጩ ወደሚቀጥለው እርከን ይሻገራል። እንግዲህ በርካሹ እርከን የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው እንበል። ሁለት ሰው ብለሽ ስትጠይቂ ሲስተሙ ሁለታችሁንም ባንድ ላይ የሚያስተናግድ እርከን ይፈልጋል። አንዱን በርካሹ፣ አንዱን በውዱ አይሰጥሽም። ሁለታችሁንም ወደ ውዱ ያወጣችኋል። ያ ነው ነፍስ ወከፉ የጨመረብሽ።

ለየብቻ ብትቆርጪ አንዱ ይረክስልሻል። እኔ ግን ልዩነቱ የሚያጓጓ ካልሆነ አልመክርሽም። ለየብቻ ስትቆርጪ ሲስተሙ እናንተን እንደማይተዋወቁ ሁለት መንገደኞች ነው የሚያያችሁ። በረራ ቢሰረዝ አንቺን ማታ፣ እናትሽን በማግስቱ ሊያሳፍሯችሁ ይችላሉ። ሁለቱን ቲኬቶች አያይዙልኝ ብለሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ቢሆንም በአንድ ላይ እንደተቆረጠ ቲኬት አያስተማምንም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይሄ አደጋ ዋጋ አለው።

ጠዋትና ማታ ዋጋው የሚለዋወጠውም ከዚሁ ነው። አንድ ሰው ገዛ፣ እርከኑ አለቀ፣ ዋጋው ወጣ። ሌላው ወንበር ይዞ ሳይከፍል ቀረ፣ ወንበሩ ተመለሰ፣ ዋጋው ወረደ። የፍለጋ ታሪክ ማጥፋቱ ጉዳት የለውም፣ ግን ዋጋ ሲያወርድ አይቼ አላውቅም። ማክሰኞ መግዛትም እንደዚያው ነው። ማክሰኞና ረቡዕ መብረር ግን ሌላ ነገር ነው። ዓርብና እሑድ ሁሉም መሄድ ይፈልጋል፣ የሳምንቱ መሀል ይቀላል። ያንን ተጠቀሚበት።

ስትፈልጊ አንድ ቀን ይዘሽ አትፈልጊ። ጉግል ፍላይትስ ላይ የቀን ሠንጠረዡን ክፈቺው፤ መሄጃና መመለሻውን እያፈራረቀ ያሳይሻል። ስካይስካነር ደግሞ ወሩን ሙሉ ዘርግቶ ያሳያል። የወደድሽውን ሳምንት ካገኘሽ የዋጋ ማሳወቂያውን አብሪውና ተቀመጪ፤ ሲወርድ በኢሜይል ይነግርሻል። በየሰዓቱ እየከፈትሽ አትጨነቂ። ከሁለት እስከ አራት ወር ሲቀረው ጥሩ ዋጋ ካየሽ ግዢ። ከዚያ በላይ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ጭማሪ ነው። ስትከፍዪ ደግሞ ከተቻለ በቀጥታ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ክፈዪ። ቀን መቀየር ቢመጣ መሀል ላይ ሌላ ደላላ የለብሽም።

ኢስታንቡል ሁለት ትልልቅ አየር ማረፊያ አላት። አንዱ በአውሮፓ በኩል ያለው አዲሱ ነው፤ ትኬት ላይ አይ.ኤስ.ቲ. ይላል። ሌላው በእስያ በኩል ያለው ሳቢሃ ጎክቼን ነው፤ እሱ ኤስ.ኤ.ደብሊው. ነው። ርካሾቹ በረራዎች ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ይገባሉ። ችግር የለውም፣ ግን ማረፊያችሁ በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳታዪ አትቁረጪ። ሌሊት ደርሳችሁ ድልድይ ተሻግራችሁ ማዶ መሄድ ካለባችሁ ያተረፍሽው ገንዘብ ለታክሲ ይሄዳል። ሻንጣውንም እዪ። በጣም የረከሰው ዋጋ የእጅ ቦርሳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኪሎ ሲጨመርበት ከጎኑ ካለው ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀኑን ዋጋው ይወስን ብለሻል። እኔ እናትሽ ይወስኑት ነው የምልሽ። ባሕረኛው ያለው ለሱ ትክክል ነው፤ ለሳቸው ግን አይሆንም። ኢስታንቡል የብርድ ወቅቷ እርጥብ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፣ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ አለ፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። የሚያማቸው ጉልበት በብርድ ይብስባቸዋል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ መራመድም ያስፈራል። ሁለት ቀን ሆቴል ከዋላችሁ ቲኬቱ የቱ ጋ ረከሰ?

ለሳቸው የሚሆነው ሁለት መስኮት ነው። አንዱ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ። ሌላው ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ። ሁለቱም ላይ ቀኑ ለስለስ ያለ ነው፤ ቀን ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ማታ ሹራብ። ኤፕሪል ላይ የቱሊፕ አበባ ጊዜ ነው፤ ኤሚርጋን የሚባለው መናፈሻ በቀለም ይሞላል። ኦክቶበር አበባ የለውም፣ ግን ባሕሩ የኦገስቱን ሙቀት ገና ስላልጨረሰ ምሽቱ አይቆረጥምም። የኦክቶበር ቲኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኤፕሪሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም የትምህርት ቤት እረፍትና የፋሲካ ጉዞ አይነካውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ። ዒድ አል አድሃ በ2026 ሜይ 27 አካባቢ ነው፤ በ2027 ደግሞ ሜይ 16 አካባቢ ይውላል። በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። የአውሮፕላን ዋጋ ይንራል፣ ግራንድ ባዛር የሚባለው ትልቁ ገበያም ይዘጋል። ሜይን ከመረጥሽ መጀመሪያውን ያዢ።

ጋላታ ማዶ

እኔ የምኖረው እዚሁ ኢስታንቡል ነው። ቲኬት ቆራጯ የተናገረችውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። እኔ የመንገዱን ልጨምር።

ከተማዋ ኮረብታ ናት። ካርታ ላይ አሥር ደቂቃ የሚለው መንገድ ቀጥ ያለ አቀበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሆቴል ስትይዢ ከቲ1 ትራም መስመር አትራቂ። ሱልጣናህመት፣ ኤሚኖኑ፣ ካራኮይ በዚሁ መስመር ላይ ናቸው። ከካራኮይ ወደ ላይ ወደ ቤዮግሉ ለመውጣት አቀበቱን እንዳትሞክሩት። ከታች በገመድ የምትጎተት አጭር ባቡር አለች፤ ቱኔል ትባላለች። ከ1875 ጀምሮ ሰው እያመላለሰች ነው። ከመሬት በታች በሚሄድ የከተማ ባቡር በዕድሜ ከለንደን ቀጥሎ እሷ ናት። እናትሽ ተቀምጠው ሽቅብ ይወጣሉ።

ታላቁ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አያ ሶፊያ ዛሬ መስጊድ ነው። የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ ወደ ላይኛው ሰገነት ነው የሚገባው። ወደ ላይ መውጣት ስላለ ጊዜ ስጪያቸው፤ ጠዋት እንደተከፈተ ሂዱ። ዓርብ ቀትር ላይ ለጸሎት ስለሚዘጋ ያን ቀን ተዉት። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው።

አሁን ለእናትሽ ብዬ የምነግርሽ ይሄ ነው። የዛሬው አያ ሶፊያ የተጠናቀቀው በ537 ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የሰበከበት ቤተ ክርስቲያን እዚያው ቦታ ላይ ነበር፤ እሱ በተሰደደበት በ404 ተቃጠለ። ቅዱሱን የሚፈልጉ ከሆነ ፌነር የሚባለው ሰፈር ውሰጃቸው። የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ መንበር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። የዮሐንስ አፈወርቅ ዐፅም ከሮም በ2004 ተመልሶ እዚያ አርፏል፤ ከጎኑም የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ቤት ነው፣ ቱሪስት ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ስትገቡ ሻማ የሚያበሩ ሴቶች ታያላችሁ። ማንም አይቸኩልም፣ ማንም ተነሱ አይልም። እናትሽ የፈለጉትን ያህል ይቀመጣሉ። ከኤሚኖኑ ቲ5 ትራም ፌነር ያደርሳችኋል፤ መንገዱ የባሕር ዳር ስለሆነ ሜዳ ነው፣ ከፌርማታው ያለው እግር ጉዞም አጭር ነው።

አንድ ከሰዓት ደግሞ የሕዝብ ጀልባ ላይ አሳልፉ። ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ ወይም ወደ ኡስኩዳር ስትሻገሩ የከተማዋ ጉልላት ሁሉ ከውሃው ላይ ይታያል። ኢስታንቡልካርት የሚባለውን ካርድ ግዙ፤ ለጀልባውም፣ ለትራሙም፣ ለቱኔሏም አንዱ ካርድ ይሠራል። ለአስጎብኚ መርከብ ውድ ዋጋ አትክፈዪ።

የጥዋት ፀሐይ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ፌነሩ ለእማዬ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና “ታዲያ መቼ ነው?” አለች። ፌብሩዋሪን ሰርዤዋለሁ። የኦክቶበርን ሁለተኛ ሳምንት ይዣለሁ፤ ረቡዕ ሄደን ማክሰኞ እንመለሳለን። ማሳወቂያውንም አብርቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። አንደኛው በረራ ቀጥታ ነው፣ ሌላው መሀል ላይ አውሮፕላን ያስቀይራል፣ እሱ ይረክሳል። በሁለቱ በረራዎች መሀል ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ይበቃናል?

ቲኬት ቆራጯ

ለሳቸው አይበቃም። ወይ ቀጥታውን ያዢ፣ ወይ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያላነሰ መቀየሪያ ያለው ፈልጊ፤ ያም ሆኖ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ ይሁኑ። በሁለት ቲኬት ከሆነና የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ቲኬቱን እንደቆረጥሽ ለእናትሽ ዊልቸር አስመዝግቢ። ክፍያ የለውም። መራመድ ስለሚችሉ ብለሽ አትተዪው፤ አዲሱ አየር ማረፊያ በጣም ሰፊ ነው፣ ከአውሮፕላን እስከ ሻንጣ መቀበያ ያለው መንገድ ጤነኛውንም ያደክማል። ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብለሽ አሳውቂያቸው፤ “ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል” ብለሽ በግልጽ ንገሪ። እንደዚያ ካልሽ አውሮፕላኑ በር ድረስ የሚያደርስ ሰው ይመድቡላቸዋል። አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ። የፓስፖርታችሁን ቪዛ ጉዳይ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ጨርሺ፤ እንደ ፓስፖርቱ ስለሚለያይ በቱርክ መንግሥት ይፋዊ የኢ-ቪዛ ገጽ ላይ የሁለታችሁንም ለየብቻ አስገብተሽ እዪው።