ኋላዋን ባሕር ውስጥ ነክራ ጦር የምታወርድ መርከብ፦ አሠራሯ እንዴት ነው?

አድማስ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዘመናዊ የባሕር ወለድ ጦር መርከቦች ሳነብ ሁለት ነገር አልገባ አለኝ። የአሜሪካን ዋስፕ የመሰለች 257 ሜትር ርዝመትና 41,000 ቶን ገደማ ክብደት ያላት መርከብ ጀልባዎቿን ለማስወጣት ሆን ብላ ኋላዋን ዝቅ ታደርጋለች ይባላል። ባሕሩ ውስጧ ገብቶ እንዴት አይገለብጣትም? ሁለተኛው፣ በ40 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) የሚበር ሆቨርክራፍት (በአየር ትራስ የሚንሳፈፍ ጀልባ) እያለ በ11 ኖት የሚያዘግመው ኤልሲዩ (ታንክና ጭነት ዳርቻ ላይ የሚያራግፍ ተራ ጀልባ) ለምን እስከ ዛሬ አልተጣለም?

ባላስት፦
ውኃው በቀጥታ ወደ ዌል ዴኩ (ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት የኋላ አዳራሽ) አይለቀቅም። መጀመሪያ የሚሞሉት የባላስት ታንኮቹ (የመርከቧን ክብደት የሚያስተካክል ውኃ የሚይዙት ጋኖች) ናቸው፤ ዋስፕ ለዚህ ሥራ 15,000 ቶን ገደማ የባሕር ውኃ መያዝ ትችላለች። ታንኮቹ ሲሞሉ መርከቧ ከኋላ ትሰጥማለች፣ የኋላ በሩ ይከፈታል፣ ባሕሩ በራሱ ጊዜ ወለሉ ላይ ይወጣል። ኋላ ላይ ጥልቅ ነው፤ ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ እንደ ባሕር ዳርቻ ያልቃል። ሥራው ሲያበቃ የታንኮቹ ውኃ በታመቀ አየር ተገፍቶ ይወጣል።

አደጋው ታንክ ውስጥ ጢም ብሎ የተሞላው ውኃ አይደለም፤ እሱ ታች ስለሆነ መርከቧን ያረጋጋታል። የሚያስፈራው ልቅ ውኃ ነው። ወለሉ 81 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ መርከቧ ወደ ቀኝ ካዘነበለች እዚያ ላይ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሮጥና ዝንባሌውን ያባብሰዋል። በግማሽ የተሞላ ታንክም ያው ነው። ስለዚህ የትኛው ታንክ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞላ አስቀድሞ ይሰላል፤ ጀልባ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓትም መርከቧ ሞገዱ ወደ ኋላ በሯ እንዳይገባ አቅጣጫዋን ታስተካክላለች።

ኤልካክ ሆቨርክራፍት በአየር ትራሱ ስለሚንሳፈፍ ይህን ያህል ጥልቀት አይፈልግም። የእሱ ችግር ጥበት ነው። ስፋቱ 14.3 ሜትር፣ የዌል ዴኩ 15.2። በየጎኑ ግማሽ ሜትር እንኳ አይተርፍም። ግድግዳው በወፍራም ሳንቃ የተለበጠው ለዚህ ነው፤ ጀልባው ሲታከከው ሳንቃው ይሰነጠቃል እንጂ የመርከቧ ብረት አይጎዳም።

ደለል፦
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። መርከቧ ከዳርቻው 25 የባሕር ማይል (46 ኪሎ ሜትር ገደማ) ርቃ ብትቆም ኤልካክ በ40 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ኤልሲዩ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ነገር ግን ኤልካክ መደበኛ ጭነቱ 60 ቶን ነው፤ አንድ ኤብራምስ (የአሜሪካ የውጊያ ታንክ) ከጫነ ሞልቷል። ኤልሲዩ ሁለት ይጭናል። በዚያ ላይ የኤልካክ አራት ጋዝ ተርባይኖች ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ጨውና አሸዋ ቢላዎቻቸውን ይበላቸዋል፤ የትራሱ ጎማ ቀሚስም ይቀደዳል። ኤልካክን ፈጥኖ ደራሽ፣ ኤልሲዩን የጭነት ሠራተኛ አድርጋችሁ አስቡት።

ኤልሲዩን የሚፈትነው ዳርቻው ነው። አንድ ጀልባ 41 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሲጫን ፊቱ 1 ሜትር፣ ኋላው 2 ሜትር ውኃ ይጠልቃል እንበል። የባሕሩ ወለል በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ኋላው ከውኃው ጠርዝ 200 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ፊቱ ያኔ 160 ሜትር ላይ ነው፤ ራምፑ (የፊት መውረጃው) ሲከፈት የሚጠብቀው 1.6 ሜትር ጥልቀት ነው። ኤብራምስ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚሻገረው 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ታንኩ ከራምፑ እንደወረደ ይሰጥማል ማለት ነው። ሰዎች ጀልባው ላይ ያተኩራሉ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ቀድሞ ገብቶ ጥልቀት የሚለካው ቡድን ነው።

በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በፓስፊክ ደሴት ታራዋ ላይ አሜሪካኖቹ ሲወርዱ የሆነው ይኸው ነው። የባሕሩ ሙላት ሳይበቃ ቀረና የሂጊንስ ጀልባዎች (ወታደር የሚያወርዱ ትንንሽ ጀልባዎች) የኮራል ድንጋዩን ማለፍ አቃታቸው፤ የዘለቁት በሰንሰለት የሚሄዱት ኤልቪቲዎች (በውኃም በየብስም የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች) ብቻ ነበሩ። ሌላው ወታደር ብዙ መቶ ሜትር በተኩስ ውስጥ ውኃውን በእግሩ እያቋረጠ ሄደ። በ1950 ኮሪያ ውስጥ ኢንቾን ላይ ደግሞ ሙላትና ጉድለቱ ከ9 ሜትር በላይ ስለሚለያይ፣ ስንቅና ጥይት የጫኑ 8 ኤልኤስቲዎች (ዳርቻ ላይ ወጥተው የሚያራግፉ ትልልቅ መርከቦች) ውኃው ሸሽቷቸው ጭቃ ላይ እንዲያድሩ ታቅዶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤልሲዩ ዳርቻ ከመንካቱ በፊት የኋላ መልሕቁን ይጥላል። ሲመለስ ገመዱን እየሳበ ይወጣበታል፤ ቆሞ ሲያራግፍም ሞገድ ወደ ጎን እንዳያዞረው ይይዘዋል። መልሕቁ ዘግይቶ ከተጣለ ወይም አሸዋውን ካልነከሰ ጀልባው ጎኑን ለሞገድ ይሰጥና ዳርቻውን ለሌሎቹም ይዘጋል።

ቅደም ተከተል፦
ከላይ ያልተነሳው ጭነቱ ነው። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ቦታ ለመቆጠብ ተጠቅጥቆ የተጫነ መርከብ ዳርቻ ሲደርስ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥይት ከታች፣ ድንኳኑ ከላይ ሆኖ ይገኛል። በ1982 የእንግሊዝ ጦር ወደ ፎክላንድ ደሴቶች ሲጓዝ በችኮላ የተጫነውን ዕቃ መንገድ ላይ ባለችው አሴንሽን ደሴት እንደገና ያደራጀው ለዚህ ነው። ለውጊያ ሲጫን መተላለፊያ ይተዋል፣ ተሽከርካሪው ነዳጁና ጥይቱ አብሮት ይገባል፤ መርከቧ የምትይዘው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አድማስ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ ከመርከቧ ወጥተው በራሳቸው የሚዋኙት ብረት ለበሶችስ?

ባላስት፦
ኤኤቪ (እንዲህ ያለው የአሜሪካ ብረት ለበስ) ውኃ ላይ የሚሄደው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ46 ኪሎ ሜትር ቢለቀቅ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ ውስጡ ያለው ወታደርም በባሕር ሕመም ደክሞ ይደርሳል። ስለዚህ መርከቧ ራሷ መቅረብ አለባት። ሐምሌ 2020 (እንደ ፈረንጆቹ) ካሊፎርኒያ አቅራቢያ አንዱ ሰጥሞ 9 ሰዎች ሞተዋል፤ ምርመራው የጥገና ጉድለትና ያልተሟላ ሥልጠና አግኝቷል። ውኃው በብዙ ቀዳዳ ሲገባ ሰዎቹ እንዲወጡ የተሰጠው ትእዛዝም ዘግይቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ኤኤቪ ከመደበኛ የባሕር ሥራ ወጣ፤ ተተኪው ስምንት ጎማ ያለው ኤሲቪ ነው።

ደለል፦
ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፦ አሜሪካና ትሪፖሊ የተባሉት አዳዲስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች ለአውሮፕላን ቦታ ሲባል ያለ ዌል ዴክ ተሠሩ። ኦስፕሬይ (እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ የሚነሳ አውሮፕላን) 24 ወታደር ይዞ በፍጥነት ያደርሳል፤ ታንክ ግን አያነሳም። ከእነሱ ቀጥላ በምትመጣው ቡገንቪል ላይ ዌል ዴኩ ተመልሷል።