ከሰው የራቀ ባለታሪክና ክፉ አማቶች፦ ፍርሃቱ የት ይጀምር?

ጥያቄ፦ ልብ ወለዴ ላይ ከሰው የራቀው ባለታሪክ አማቶች ምዕራፍ 2 ላይ መናፍስት ይጠሩበታል። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃቱ ይቀዘቅዛል። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦ ቸኩለሃል። መጀመሪያ የክርስትና ስሙን ይጠይቁት። ክታብ (በብራና ላይ የሚጻፍ ጸሎትና አስማት) የሚጻፈው በክርስትና ስም ነው፤ አማቱ «ለጸሎት ነው» ብትለው አይጠረጥርም።

መልስ 2፦ ጥሩ ነው። የክታብ ብራና ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል። ስለዚህ ምዕራፍ 3 ላይ ቁመቱን በክር ትለካው፤ «ጋቢ ላሠራልህ» ትበለው። ብራናውን እሱ ሳያይ አንባቢው ይየው። መንፈሱን እስከ መጨረሻው ሩብ አታሳይ፤ አንዴ መልኩ ከታየ አንባቢ ይለምደዋል።

መልስ 3፦ ብቸኛ ሰው በሩን ለምን ይከፍታል? ሚስቱ ትሙትና የ40ኛው ቀን ተዝካር ይሁን። በተዝካር ቀን አማት ከበር አይባረርም። ቤቱም አንድ በር ብቻ ይኑረው።