ማስተርስና የጎን ሥራ፦ የቱን ልተው?

የኮዬው፦
ሰላም ቤተሰብ። ስድስት ኪሎ የሥነ ልሳን ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግማሽ ቀኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። ጥናቴ የአርጎብኛ ግስ ላይ ነው። የቀዳሁትን ድምፅ ኢላን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው፤ አንዷ ደቂቃ ሰዓት ትበላለች። ከጎን ትርጉም እሠራለሁ፤ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ጀምሬያለሁ። ለአማርኛ ውክፔዲያም እጽፋለሁ። አማካሪዬ «ምዕራፍ ሁለትስ?» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። የቱን ልተው?

የጀሞዋ፦
ትርጉሙን እንዳትነካ፣ እንጀራህ ነው። ማረሚያውን ግን አቆየው። አማርኛ አንድ ግስ ላይ አሉታውን፣ አድራጊውን፣ ተደራጊውን ሁሉ ይለጥፋል። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ብቻ አይበቃህም፤ የምዕላድ ትንተና፣ ማለትም ቃሉን ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ ክፍሎች የሚበትን ሥራ፣ ያስፈልግሃል። ይሄ ብቻውን ሌላ መመረቂያ ነው። ወይ ርዕስህን ቀይርና እሱን ሥራ!

ጋሼ ሰንዳፋ፦
ልጄ፣ የቀዳኸውን ሁሉ መገልበጥ ማን አዘዘህ? ጥያቄህን የሚመልሰውን ክፍል ምረጥ፤ ሌላውን ርዕሱንና ሰዓቱን መዝግበህ አስቀምጥ። ኢላን ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔት ሲጠፋ ግልበጣ፣ ሲመጣ ትርጉም። ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥህንም አትርሳ።

የኮዬው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኔት ነገርማ ኮዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጀሞዋ፣ ርዕስ መቀየሩን አማካሪዬ እንዳይሰሙሽ! ማረሚያውን አቆማለሁ። ውክፔዲያውን ግን አልተውም፤ አትድከሙ።